ያውቁ ኖሯል? ከኤረር በር ወዲህና ወዲያ ያሉ ወፎች

ሐረር ሲነሳ የብዙው ሰው ወሬ ጅብ ነው። ወፍ ወዳዶች ግን በግንብ ወደታጠረው የከተማዋ ክፍል፣ ወደ ጀጎል፣ ሲገቡ ቀና ብለው ሰማዩን ያያሉ፤ ደግ ያደርጋሉ።

በግድር መጋላ ገበያ ሥጋ ተራ ጭልፊቶች ጣሪያና ግንብ ላይ ሰፍረው ይጠባበቃሉ። ቁራጭ ሥጋ የያዘ እጅ ከፍ ሲል አንዷ ከኋላ መጥታ ትመነትፋለች። የምትነጥቀው በምንቃሯ ሳይሆን በጥፍሯ ነው፤ ከዚያም ሳታርፍ፣ እየበረረች እግሯን ወደ አፏ አስጠግታ ትበላለች። ጅራቷን ልብ ብለው ይዩት። ጫፉ መሐል ላይ ገባ ያለ ነው፤ ወዲህና ወዲያ እያጠማዘዘች አቅጣጫ የምትይዘው በእሱ ነው። ክንፏ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል ይጠጋል፤ ሆኖም በሰው በተጨናነቀ ገበያ መሐል ሹልክ ብላ ታልፋለች። ምንቃሯ ቢጫ ከሆነ አዋቂ ናት፣ ጥቁር ከሆነ ገና ወጣት ናት። በሌላ አገር ጫጩት እንዳትነጥቅ በድንጋይ የምትባረረው ወፍ እዚህ ከእጅ ትጎርሳለች።

ከኤረር በር ወጥተው ወደ ምሥራቅ ካቀኑ የኤረር ሸለቆ ይቀበልዎታል። ወፍ ፈላጊዎች እዚያ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ የሚንከራተቱት ለአንዲት ቢጫ ጉሮሮ ትንሽ ዘር ለቃሚ ነው። ጣሊያናዊው የወፍ ሊቅ ቶማሶ ሳልቫዶሪ በ1896 (እ.ኤ.አ.) ለሳይንስ አስተዋውቋታል። ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትኛውም አገር አትገኝም።