ትምህርቱን ስናፈጥነው ድምፁ ለምን ይበላሻል?

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ እዚህ ቻናል ላይ ይሄ ጥያቄ ይበዛል፦ “ቪዲዮውን ሳፈጥነው የመምህሩ ድምፅ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፤ ስልኬ ተበላሽቶ ይሆን?” ስልካችሁ ደህና ነው። ችግሩ ያለው ድምፁ በሚፈጥንበት መንገድ ላይ ነው። ትምህርቱ በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ካሴት ሲፈጥን ድምፁ አብሮ ይቀጥን ነበር። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁም አንድ ኦክታቭ ሽቅብ ይወጣና ጎልማሳው ሰው እንደ ሕፃን ይንጫጫል። የዛሬ ማጫወቻዎች ይህን ለማስቀረት ድምፁን 20 ሚሊሰከንድ ገደማ ወደሚሆኑ ቁራጮች ይከፋፍሉታል። በ2 እጥፍ ስታስኬዱት ከጊዜው ግማሹ ይጣላል፤ የተረፈው ጫፍ ለጫፍ ተደራርቦ ይሰፋል። ሐሳቡ ቆየት ያለ ነው፤ ግራንት ፌርባንክስና ባልደረቦቹ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በቴፕ የሚሠራ እንዲህ ያለ መሣሪያን በ1954 እ.ኤ.አ. አሳውቀዋል።

ስፌቱ የማይታወቀው የሚገጣጠሙት ሞገዶች ሲመሳሰሉ ነው። አንድ ወንድ መምህር ማይክ አጠገብ ሆኖ ሲናገር የድምፁ ሞገድ በሰከንድ 100 ጊዜ ያህል ራሱን ይደግማል፤ ፕሮግራሙም የሚገጥምበትን ቦታ በቀላሉ ያገኛል። ባዶ ክፍል ውስጥ የሚያስተጋባ ድምፅ፣ ከሥር የተለቀቀ ሙዚቃ ወይም የቬንትሌተር ጩኸት ሲቀላቀልበት ግን ለሁሉም የሚሆን መግጠሚያ ይጠፋል። ያ የብረት ድምፅና መርገብገብ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ሁለት መምህራን በእኩል ፍጥነት ተከፍተው አንዱ ጥርት ብሎ ሲሰማ ሌላው ቢንኮሻኮሽ አይግረማችሁ።

አማርኛ ላይ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። እኛ ማጥበቅና ማላላትን በዋናነት የምንለየው ተነባቢው በሚቆይበት ጊዜ ነው። መምህሩ “ሰበቃ አለ” ሲል “ለ” የጠበቀችው ትንሽ ስለቆየች ነው። በ2 እጥፍ ስትሄድ ቆይታዋ ግማሽ ይሆንና በተለመደው ፍጥነት ላልታ ከምትነገረው ጋር ትቀራረባለች። የለመድነውን ቃል ጆሯችን ከዐረፍተ ነገሩ ያቃናዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰሙት የትምህርት ቃል ሲሆን ግን ማቃኛ የላችሁም።

ከማጥበቅና ከማላላት ሌላ የሚደበዝዙ ድምፆችም አሉ። “ቀመር” የሚለውን ቃል በድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ አጉልታችሁ እዩት። ከ“ቀ” በፊት ጭር ያለ ክፍተት አለ፤ ከዚያ ድንገት ቀጥ ብሎ የሚወጣ ሹል መስመር። ያ ሹል ነገር “ቀ”ን ከ“ከ” ለመለየት ይረዳል፣ የሚቆየውም ለጥቂት ሚሊሰከንዶች ብቻ ነው። መቁረጫው እሱ ላይ ካረፈ ይደበዝዛል። “ጠጣር” ወደ “ተታር” የሚጠጋባችሁም በዚሁ ምክንያት ነው።

የእኔ አቋም ይኸውና፦ ለክለሳ 2 እጥፍን አልቃወምም፤ አዲስ ምዕራፍ ግን ከ1.25 ባታሳልፉት እመርጣለሁ። ቀረጻው ጥርት ያለ ከሆነ 1.5ም ይሄዳል። በስልኩ ስፒከር ከመስማት በኢርፎን መስማት ብዙ ያግዛል። ቪኤልሲ የምትጠቀሙ ድምፁ ከቀጠነባችሁ ሴቲንግ ውስጥ ታይም ስትሬቺንግ የሚለው መብራቱን አረጋግጡ።

በነገራችን ላይ ማፍጠን ፓኬጅ አይቆጥብም። የሚወርደው ያው ሙሉው ቪዲዮ ነው፤ በግማሽ ጊዜ መድረስ ስላለበት ደግሞ ኔትወርክ ደከም ሲል ቀጥ ይላል። ይሄ መቆም ከላይ ካልኩት መበላሸት ጋር አይገናኝም፤ አስቀድማችሁ ብታወርዱት ይቀራል።

መምህራን፣ እናንተን አጥብቄ እለምናለሁ። ተማሪው ያፈጥነዋል፤ ጊዜ የለውም። የኢርፎናችሁን ማይክ ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ያህል አቅርቡ። ከሥር ሙዚቃ አትልቀቁ፣ መግቢያው ላይ ብቻ ይብቃ። ባዶ ክፍል ውስጥ ከመቅረጽ መጋረጃና ፍራሽ ያለበት መኝታ ቤት ይሻላል። ከመልቀቃችሁ በፊትም አንድ ደቂቃ ያህሉን ራሳችሁ በ2 እጥፍ ስሙት፤ ቃላቱ ካልተለዩላችሁ ማይኩን አስጠግታችሁ ያንን ክፍል እንደገና ቅረጹት።