እከክ በሚዋጥ ኪኒን ይድናል፣ ቤተሰቡ በሙሉ ከዋጠ!

ልጆቻችሁ ሌሊት ሌሊት እያከኩ እንቅልፍ ይነሷችኋል? በጣቶቻቸው መካከል፣ በእጅ አንጓቸውና በወገባቸው ዙሪያ ሽፍታ አለ? እከክ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። እከክ የሚናቅ በሽታ አይደለም። የታከከው ይቆስላል፣ ቁስሉ ይመግላል፣ ሲብስም ኩላሊት እስከ መጉዳት ይደርሳል።

በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይለይ ትንሽ ተባይ ነው። ሴቷ ቆዳ ሰርስራ ገብታ በየቀኑ ሁለት ሦስት እንቁላል ትጥላለች። የቆየው ሕክምና ከአንገት እስከ እግር ጥፍር የሚቀባ ቅባት ነው። ስምንት ነፍስ ባለበት ቤት ሁሉን ሰው መቀባት፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ቀላል ሥራ አይደለም። አሁን ግን ኢቨርሜክቲን የሚባል የሚዋጥ ኪኒን አለ። የወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነትን ለመከላከል የሚታደለው እሱው ነው። ፊጂ በምትባል የደሴቶች አገር መንደርተኛው አብሮ ሲውጥ፣ ከመቶ ሰው 32 የነበረው የእከክ በሽተኛ በአንድ ዓመት ወደ 2 ወርዷል። ይህ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው።

«እኔን መች አሳከከኝ? ለምን እውጣለሁ?» የሚል አባወራ አይጠፋም። ተባዩ መጀመሪያ የያዘው ሰው ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ምንም ላያሳክከው ይችላል። እሱ ሳይውጥ ከቀረ የዳኑትን ልጆች መልሶ ያስይዛቸዋል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ቀን ይዋጥ።

ኪኒኑ ተባዩን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። እንቁላሉ ሲፈለፈል ለመያዝ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ሁለተኛ ይዋጣል። ማንበብና መጻፍ የቻለ ልጃችሁ የቀጠሮውን ቀን ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፈው።

መጠኑ የሚታወቀው በሚዛን ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ባለ 3 ሚሊግራሙ ኪኒን አራት ይሰጠዋል። ነፍሰ ጡርና ከ15 ኪሎ በታች የሆነ ሕፃን አይውጡም፤ ለእነሱ የሚስማማ ቅባት አለ። ለከብት የሚወጋውን ኢቨርሜክቲን ግን፣ «ስሙ አንድ ነው» ብላችሁ፣ አደራ እንዳትነኩት!

በዋጣችሁበት ቀን ልብሱንና አንሶላውን በፈላ ውሃ እጠቡ። የማይታጠበውን ጋቢና ብርድ ልብስ በጆንያ አስራችሁ ከሦስት ቀን በላይ አቆዩት፤ ተባዩ ከሰው ገላ ርቆ ብዙ አይኖርም።

ከዋጣችሁ በኋላም ማሳከኩ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። የሞተው ተባይ ከቆዳ እስኪወጣ ነውና «መድኃኒቱ አልሠራም» ብላችሁ በራሳችሁ አትድገሙ። ከአራት ሳምንት ካለፈ ወይም አዲስ ሽፍታ ከወጣ ወደ ጤና ጣቢያው ተመለሱ።