ቆሞ የሚንቀጠቀጥ መኪና በአርሲ ደጋ

ከአዳማ ዕቃ ጭኖ ወደ አሰላ የሚወጣ ነጋዴ፥ መኪናው በጉዞ ላይ ምንም ሳይል ቆይቶ ከሱቁ ደጅ በቆመ ጊዜ ሞተሩ ሲንገጫገጭና መሪው ሲንቀጠቀጥ ያገኘዋል። ብዙው ሰው ይህን ባየ ጊዜ ካንዴላውን በሙሉ አስለውጦ፥ ካልተሻለውም ካርቡራተር ገዝቶ ሲያበቃ፥ ብልሽቱ የአንዲት ቁራጭ ጎማ ሆኖ ይገኛል።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፥ በእጅ ያለውን የቤንዚን መኪና አጥብቆ መያዝ ግድ ሆኗል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገም ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋው ከፍ ብሏል። ያለ ምርመራ የተገዛ ዕቃ እንግዲህ ከትርፍ ላይ የሚነሣ ገንዘብ ነው።

ምርመራው የሚጀመረው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነው፤ በደጋ ብርድ ማለዳ የተነሣ ሞተር ጥቂት ቢንገጫገጭ አያስደንቅም። ከዚያም ጆሮን መስጠት ነው። የሞተሩ ድምፅ ሳይቆራረጥ የመኪናው አካል ብቻ የሚንቀጠቀጥ እንደ ሆነ፥ ብልሽቱ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር በሚያያይዘው ሱፖርቶ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ድምፁ እየተቆራረጠ የሚመታ እንደ ሆነ ግን ከሲሊንደሮቹ አንዱ በደንብ እንዳልሠራ ያመለክታል። በአሮጌው ባለ ካርቡራተር ሞተር መካኒኮች የካንዴላውን ገመድ እጀታው በጎማ በተሸፈነ ጉጠት ተራ በተራ ይነቅላሉ፤ ሲነቀል በሞተሩ ላይ ምንም ለውጥ የማይታይበት፥ ሥራ የፈታው ሲሊንደር እርሱ ነው። አዲሱን ባለ ኮምፒዩተር መኪና ግን እንዲህ ማድረግ አይገባም፤ ሳይቃጠል የሚወጣው ቤንዚን በጭስ ማውጫው ውስጥ ያለውን ካታላይዘር ያበላሻልና በዲያግኖስቲክ መሣሪያ መመርመር አለበት።

የወጣው ካንዴላም ራሱ ይናገራል። ጥላሸት የለበሰ እንደ ሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፤ የነጣ እንደ ሆነ አየሩ በዝቷል፥ ይኸውም ብዙውን ጊዜ ከካርቡራተሩ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ወይም የቫኩም ቱቦው ተሰንጥቆ ነው። የቤንዚኑ መብዛት በአርሲ ልዩ ምክንያት አለው። የአዳማ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል፥ የአሰላ 2,400 ሜትር ያህል ሲሆን፥ በዚህ ዳገት የአየሩ ግፊት አንድ ዐሥረኛ ያህል ይቀንሳል፤ ካርቡራተሩ ግን ለዚህ የሚበቃ ያህል ቤንዚኑን አይቀንስም። ስለዚህ በአዳማ ሚኒሞው የተስተካከለ መኪና አሰላ ሲደርስ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ወደ በቆጂ ሲቀጥልም ይብስበታል። በአዲስ አበባ የተስተካከለው ግን የሁለቱ ከተሞች ከፍታ ተቀራራቢ ስለ ሆነ እምብዛም አይቸገርም። ይህን ልዩነት ያላሰበ ባለ መኪና መካኒኩን ያለ ጥፋቱ ይወቅሳል። በመኸር ወራት ደግሞ የስንዴውና የገብሱ ውቂያ አቧራ የአየር ማጣሪያውን ሲደፍነው ይኸው ምልክት ይታያል፤ ማጣሪያውን አውጥቶ ማየት ወጪ የለበትም።

ሱፖርቶውን ለመፈተሽ ከመኪናው ፊት ማንም ሳይቆም ኮፈኑን ከፍቶ፥ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፥ ሾፌሩ ማርሽ አስገብቶ የእግር ፍሬኑን እንደ ረገጠ ፍሪሲዮኑን ጥቂት እንዲለቅ ማድረግ ነው። ሞተሩ ከመጠን በላይ ብድግ ካለ ጎማው ተቀዷል። ዘይት የሚያንጠባጥብ ሞተር ይህን ጎማ ያለሰልሰዋል፤ ፍሳሹ ሳይደፈን አዲስ ሱፖርቶ ቢገጠምም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ይበላሻል።