ያውቁ ኖሯል? ፕሮሰሰሩን የሚያግሉት ጎረቤቶቹ ናቸው

ሬንደር የሚያደርግ አርክቴክት፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ባለሙያ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያሠለጥን ተማሪ፦ ሁሉም ዘንድ ሁለት ግራፊክስ ካርድ የተሸከመ ዴስክቶፕ ሊገኝ ይችላል። ፕሮሰሰሩ ሲግል አብዛኛው ሰው የሚሮጠው ትልቅ ማቀዝቀዣ ለመግዛት ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። በመስቀል አደባባይ ከፍታ ላይ ሆነን እንቁጠር።

አየሩና ከፍታው

1. መስቀል አደባባይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። እዚህ የምንተነፍሰው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋን በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር መጠን የትም ቢሆን ያው ነው፤ እዚህ ግን ያ አየር ቀላል ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል።

2. በቁጥር እንየው። አንድ አርቲኤክስ 3090 ካርድ 350 ዋት ይወስዳል። ሁለቱ ካርዶችና 250 ዋት የሚደርስ ፕሮሰሰር አብረው ሲሠሩ 950 ዋት ሙቀት ይወጣቸዋል። አየሩ በ10 ዲግሪ ብቻ ሞቆ ይህን ሁሉ ይዞ እንዲወጣ በባሕር ጠለል ላይ በደቂቃ 4.7 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ይበቃል፤ አዲስ አበባ ላይ 6.3 ገደማ ያስፈልጋል።

3. ታዲያ ድሬዳዋ አይሻልም? አይሻልም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ወፈር ይላል፤ ነገር ግን ክፍሉ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩም በ1 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ቀን ቀን ከ30 ዲግሪ የሚያልፍ አየር፣ በውፍረቱ ያተረፈውን በሙቀቱ ከነወለዱ ይመልሳል። የሸገር ቀዝቃዛ አየር ከመሳሳቱ ጋር እንኳ ይበልጣል።

4. አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ራይዘን 9 7950ኤክስ ደግሞ እስከ 95 ዲግሪ፣ ኮር አይ9-14900ኬ እስከ 100 ዲግሪ እንዲሠሩ ተፈቅዶላቸዋል። እነዚህ ፕሮሰሰሮች በእኛ ከተማ ውሃ ከሚፈላበት በላይ ሞቀውም ጤነኞች ናቸው ማለት ነው።

5. የማቀዝቀዣው የመዳብ ቱቦዎች ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ነው። አየሩ ተመጥጦ ስለሚታሸግ ውሃው በትንሽ ሙቀት ይተንና ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ሄዶ ፈሳሽ ሆኖ ይመለሳል። ቱቦው የታሸገ ስለሆነ የከተማው ከፍታ ለእሱ ጉዳዩ አይደለም። ይህን ቱቦ ጆርጅ ግሮቨር በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው።

6. የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር፣ አሽሬ፣ ኤ2 ብሎ ለሚመድባቸው ሰርቨሮች የሚፈቅደው የክፍል ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ነው። ከ900 ሜትር በላይ ግን በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀንሳል። ለአዲስ አበባ ሲሰላ ጣሪያው ወደ 30 ዲግሪ ይወርዳል።

7. ብዙዎቹ የሚሽከረከሩ ሃርድ ዲስኮች እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ብቻ እንዲሠሩ የተፈቀዱ ናቸው፤ የማንበቢያው ጫፍ ከዲስኩ በላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ሽፋን ላይ ስለሆነ ነው። የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በሂሊየም የታሸጉት ግን በዚህ አይቸገሩም።

ጎረቤቶቹ

8. ሁለትና ሦስት ፋን ፊቱ ላይ የተደረደረለት ግራፊክስ ካርድ አብዛኛውን ሙቀቱን የሚተፋው እዚያው ኬዙ ውስጥ ነው። ሁለት ካርድ ማለት 700 ዋት ማለት ነው፤ ከላያቸው ያለው የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ የሚስበው አየር ይኸው ነው። ማቀዝቀዣው የቱንም ያህል ቢያምር፣ የሚስበው አየር 45 ዲግሪ ከሆነ ፕሮሰሰሩን ከ45 በታች ሊያወርደው አይችልም።

9. ብሎወር የሚባለው ዓይነት ካርድ አንድ ፋን ብቻ ያለውና ብዙ የሚጮህ ስለሆነ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ነገር ግን ሙቀቱን በኋላ በኩል ከኬዙ ውጭ ይተፋል። ካርዱ ሁለት ሲሆን ፕሮሰሰሩ የሚመርጠው ጎረቤት ይህኛው ነው።

10. ከሁለቱ ካርዶች ብዙ ጊዜ የሚግለው የላይኛው ነው። ፋኖቹ ከታችኛው ካርድ ጀርባ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠው፣ የሚስቡት የታችኛው የተፋውን አየር ነው። ማዘርቦርዱ ከፈቀደ የአንድ ቀዳዳ ክፍተት መተው ብቻውን ልዩነት ያመጣል። ሥራው በአንድ ካርድ ብቻ የሚያልቅ ከሆነም ለታችኛው ይስጡት።

11. ጥፋተኛውን ለመለየት ሁለት ፈተና ይበቃል። መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን ብቻ ያሠሩና ሙቀቱን ይጻፉ። ቀጥሎ ፕሮሰሰሩን አሳርፈው ካርዶቹን ብቻ ያሠሩ። በሁለተኛው ፈተና ፕሮሰሰሩ ምንም ሳይሠራ ሙቀቱ ከወጣ፣ ችግሩ የጎረቤት ነው፤ ማቀዝቀዣ መቀየር ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

12. ሦስተኛው ፈተና የጎን መዝጊያውን መክፈት ነው። ሲከፍቱት ፕሮሰሰሩ በብዙ ዲግሪ ከወረደ የጎደለው የአየር መግቢያና መውጫ ነው። ምንም ካልተለወጠ ግን ተርማል ፔስቱን ወይም የማቀዝቀዣውን አያያዝ ይጠርጥሩ።

13. በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ የኬዙ ፋኖች ሲገዙ ጀምሮ የሚታዘዙት በፕሮሰሰሩ ሙቀት ነው። ካርዶቹ 700 ዋት እያነደዱ ፕሮሰሰሩ ሥራ ከፈታ፣ የኬዙ ፋኖች ወሬውን የሚሰሙት ዘግይተው ነው። መፍትሔው ባዮስ ውስጥ ገብቶ የፋኖቹን ዝቅተኛ ፍጥነት ከፍ ማድረግ ነው።

14. አብዛኞቹ አዳዲስ ካርዶች ሥራ ሲቀላቸው ፋናቸውን ጨርሰው ያቆማሉ። የቆመ ፋን ያዩ ሰዎች ካርዱ ተበላሸ ብለው ወደ ጥገና ይወስዱታል፤ ሙቀቱ 50 ወይም 60 ዲግሪ ሲደርስ ራሱ ይነሳል።

15. በፈሳሽ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ሙቀትን አያጠፋም፤ ወደ ራዲያተሩ ያጓጉዛል እንጂ። ራዲያተሩ ከኬዙ ጣሪያ ላይ አየር እንዲያስወጣ ከተገጠመ፣ የሚያልፍበት አየር ካርዶቹ ያሞቁት ነው። ከፊት ለፊት አየር እንዲያስገባ ከተገጠመ ፕሮሰሰሩ ንጹሕ አየር ያገኛል፤ ካርዶቹ ግን በትንሹ ይሞቃሉ። ለማን እንደሚያደሉ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።

16. «ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል» የሚለው እውነት ነው፤ መስከረም 16 ቀን መስቀል አደባባይ ላይ የደመራው ጭስ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ኬዝ ውስጥ ግን አቅጣጫውን የሚወስነው ፋኑ ነው። ደካማ ፋን እንኳ የሙቅ አየርን የራሱን ሽቅብታ በቀላሉ ያሸንፈዋል፤ ስለዚህ ዋናው ነገር መግቢያው ከመውጫው ጋር መስመር መያዙ ነው።

ከታሪኩ

17. ሁለት ካርድ አጣምሮ ማሠራት አዲስ ነገር አይደለም። ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው ኩባንያ በቩዱ 2 ካርዶቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ጀምሮታል። ኤንቪዲያ በ2004፣ ኤቲአይ በ2005 የየራሳቸውን አመጡ። በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 ግን ሁለቱን የሚያገናኘው ድልድይ የለውም። ሬንደርና ሥልጠና ያለ ድልድዩም ሁለቱን ካርዶች ያሠራሉ፤ ሙቀቱም እንዳለ ነው።

18. የዛሬውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕበል ካስነሱት ሥራዎች ዋነኛው በሁለት የጌም ካርዶች የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በምስል ማወቅ ውድድር ያሸነፈው አሌክስኔት የሠለጠነው በሁለት ጂቲኤክስ 580 ሲሆን፣ የወሰደውም ከ5 እስከ 6 ቀን ነው። ለአንድ ጌም ያህል ሙቀትን መቻል ሌላ፣ ለ6 ቀንና ለ6 ሌሊት መቻል ሌላ።

19. እ.ኤ.አ. በ2001 ቶምስ ሃርድዌር የተባለው ድረ ገጽ ኮምፒውተሮቹ ጌም እያሄዱ የፕሮሰሰሮቹን ማቀዝቀዣ ነቀለ። የዚያን ዘመኑ አትሎን ወዲያው ነደደ፤ ፔንቲየም 4 ግን ፍጥነቱን ቀንሶ ተረፈ። የዛሬ ፕሮሰሰሮች በሙሉ እንደ ሁለተኛው ናቸው፤ ሲግሉ ከመቃጠል ይልቅ ይዘገያሉ። ሬንደሩ ያለምክንያት ሲጓተት መጀመሪያ ሙቀቱን ይዩ የሚባለው ለዚህ ነው።

20. የሚነበበው ቁጥር ሁልጊዜ እውነተኛው ሙቀት አይደለም። በ2017 የወጡት ራይዘን 7 1700ኤክስና 1800ኤክስ የፋኑን አሠራር ለማስተካከል ሲባል ሆን ተብሎ ከእውነተኛው 20 ዲግሪ አስበልጠው ይናገሩ ነበር። ያልገባው ሰው ያለጥፋታቸው ማቀዝቀዣ ቀይሮላቸዋል።

21. እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2022 ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ አሠራሩን ሲለውጥ፣ ለእሱ ሌት ተቀን ይሠሩ የነበሩ ግራፊክስ ካርዶች ሥራ ፈትተው ወደ ገበያ ወጡ። ያገለገለ ካርድ የሚገዙ ከሆነ የማስታወሻ ቺፖቹን ከማቀዝቀዣው የሚያገናኙት ለስላሳ ፓዶች ደርቀው እንደሆነ ያስፈትሹ።

22. በሀገራችን ዳታ ማይኒንግ የሚባለው ሥራ የሚካሄደው በግራፊክስ ካርድ ሳይሆን ለቢትኮይን ብቻ በተሠሩ ማሽኖች ነው። የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የ250 ሚሊዮን ዶላር የዳታ ማይኒንግና የአስተውሎት ማሠልጠኛ ማዕከል ስምምነት መፈራረሙን አስታውቋል። ባለሀብቶቹን የሚስበው ርካሹ የውሃ ኃይል ነው፤ የደጋው ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ምራቂ ነው።

23. አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2021 ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ ግዙፍ የቋንቋ ሞዴሎችን ማሠልጠን የሚበላውን ኃይልና በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ጫና አንስታ ሞግታለች። ኮምፒውተር የሚበላው ዋት በሙሉ ለማለት ይቻላል መጨረሻው ሙቀት ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ቢሆን፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ቢሆን።

ከአቧራ እስከ ዋት

24. እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ የተነሳው ዓይነት አቧራ በሂትሲንኩ ክንፎች መካከል ገብቶ እንደ ስስ ጨርቅ ይተኛል። ፋኑ ይጮሃል፤ አየሩ ግን አያልፍም። አየር የሚያስገቡት ፋኖች ከሚያስወጡት ትንሽ ከበዙ፣ አቧራው በየስንጥቁ መግባቱን ትቶ ወንፊት ባለበት በር ብቻ ይመጣል።

25. በአየር መንፊያ ሲያጸዱ የፋኑን ክንፍ በጣትዎ ወይም በእስክሪብቶ ይያዙት። ካልተያዘ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ይሽከረከርና ኩሽኔታው ይጎዳል። ደግሞም እየተሽከረከረ ራሱ ኤሌክትሪክ ሊያመነጭ ይችላል።

26. መዳብ ሙቀትን በማስተላለፍ አየርን 15,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ ተርማል ፔስት ደግሞ መዳብን በብዙ አሥር እጥፍ ያንሳል። የፔስቱ ሥራ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረቶች መካከል ያለውን አየር ማስወጣት ብቻ ነው። ስለዚህ ሲበዛ አይጠቅምም፤ የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ ትበቃለች፣ ሰፋ ላለ ፕሮሰሰር ትንሽ ጨመር ማድረግ ነው።

27. መብራት ድንገት ሲጠፋ ፋኑ ስለቆመ ፕሮሰሰሩ ይቃጠላል ብለው አይስጉ፤ ሙቀት ማመንጨቱንም አብሮ ያቆማል። የሚያሰጋው ያልተቀመጠው ፋይል ነው። ገበያ ላይ ካሉት 1,000 ቪኤ ዩፒኤሶች ብዙዎቹ የሚችሉት 600 ዋት ብቻ ነው፤ ባለሁለት ካርድ ኮምፒውተር ሥራ ላይ ሳለ አይሸከሙትም።

28. ከሁሉ የረከሰው ማቀዝቀዣ ነፃ ነው፦ የካርዶቹን ዋት መገደብ። ኤንቪዲያ ከድራይቨሩ ጋር በሚሰጠው ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ ትእዛዝ እያንዳንዱን ካርድ ከ350 ወደ 280 ዋት ቢያወርዱት፣ ሬንደሩ ብዙውን ጊዜ የሚዘገየው በጥቂቱ ነው። ኬዙ ውስጥ ግን 140 ዋት ቀነሰ፤ ከላይ ያሰላነው 6.3 ኪዩቢክ ሜትር ወደ 5.4 ይወርዳል። ከፍታው ካስከፈለን ትርፍ አየር ከግማሽ በላይ ተመለሰ ማለት ነው።

29. ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ይህ ነው፦ አቧራውን ማጽዳት፣ ሁለቱን ፈተናዎች ማድረግ፣ ካርዶቹን ማራራቅ፣ የኬዙን ፋኖች በባዮስ ማንቃት፣ ዋቱን መገደብ፣ ፔስቱን ማደስ። አብዛኛው ገንዘብ አያስወጣም። አዲስ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ የሚገዛው ይህ ሁሉ ተሞክሮ፣ ካርዶቹ አርፈውም ፕሮሰሰሩ ብቻውን ሲግል ከተገኘ ነው።