ውኃ ጠጥተው የሚነፉት ሁለቱ ዘመዳሞች

በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ጠላት ሲመጣባቸው ውኃ ጠጥተው እንደ ኳስ የሚነፉ ሁለት የዓሣ ወገኖች ይኖራሉ። ዘመዳሞች ናቸውና ብዙ ሰው አይለያቸውም፤ አፋቸውን መመልከት ግን ይበቃል። ያንደኛው ጥርስ ከላይም ከታችም መካከሉ ስለ ተሰነጠቀ አራት ይሆናል፤ ቴትራኦዶን መባሉም በግሪክ ቋንቋ ባለ አራት ጥርስ ለማለት ነው። ዲዮዶን የተባለው ዘመዱ ስንጥቅ የሌላቸው ሁለት ጥርሶች አሉት፤ ገላውም እንደ ጃርት እሾሃም ነው። (ጣቱን የሚወድ ሰው ምርመራውን በሞተ ዓሣ ላይ ያድርግ።)

ሲያዩት የሚያስፈራው እሾሃሙ ቢሆንም እኛ አብልጠን የምንፈራው ባለ አራት ጥርሱን ነው። በብዙዎቹ ጉበትና ዕንቁላል ውስጥ ያለው መርዝ ቢቀቅሉት አይጠፋም፤ ማርከሻም አልተገኘለትም። ከዚሁ ወገን አንዱ በስዌዝ ቦይ አልፎ እ.ኤ.አ. በ2003 በቱርክ ዳርቻ ተገኘ፤ መረብ እየበጠሰ ስላስቸገረም መንግሥቱ ጅራቱን ላመጣ አጥማጅ ገንዘብ እስከ መክፈል ደረሰ።