የፈረስ ጠፍርና የወገብ ቀበቶ

በጎባ በገበያ ቀን ፈረሰኛ ማየት ብርቅ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ ያለው የሳነቴ አምባ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ብርዳም ደጋ ፈረስ የሰው እግር ነው። ኮርቻውን በሆዱ ሥር አጥብቆ የሚይዘው ጠፍር ዝናብም ላብም ይጠጣል፤ ቁልቁለት ላይ ቢበጠስ ጉዱ ይፈላል። ስለዚህ ባለፈረሱ ቆዳ ሲገዛ ያገላብጣል፣ ያጥፋል፣ ይስባል።

ቀበቶም እንዲሁ መፈተሽ አለበት።

መጀመሪያ የሚታየው ጠርዙ ነው። ከአንድ ወጥ የበሬ ቆዳ የተቆረጠ ቀበቶ ጠርዙ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጭረት አለው፤ ውፍረቱም ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ይደርሳል። ርካሹ ግን ብዙ ጊዜ የቆዳ ብጣሽ ተፈጭቶ በሙጫ የተጋገረ፣ ላዩ በፕላስቲክ የተለበጠ ነው። በሱቁ መብራት ያብረቀርቃል፤ ከወራት በኋላ ቀዳዳው አጠገብ ይሰነጠቅና እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ያሳዝናል፤ በከብት ሀብቷ ከአፍሪካ ቀዳሚ በሆነች አገር!

ለቀበቶ የሚመረጠው የበሬው ጀርባ ነው፤ የሆዱ ቆዳ ልል ስለሆነ ይለጠጣል። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ በጓንት ሠሪዎች ዘንድ ስመ ጥር ቢሆንም ለወገብ ስስ ነው።

ስፌቱም ይታይ። በሁለት መርፌ በእጅ የተሰፋ ቀበቶ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዘዋል። የራሰ ቀበቶ ከእሳት ርቆ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ በዓመት አንዴ ሁለቴም ቅባት ይነካል። ዘለበቱ በብሎን የታሰረ ከሆነ ደግሞ ሲያልቅ እሱ ብቻ ይቀየራል።