መጀመሪያ በአንድ ስፒከር

ወልዲያ ወይም መርሳ ውስጥ በአንዲት ክፍል፣ በአንድ ላፕቶፕና ማይክሮፎን የተሠራ ዘፈን ከቤት ከወጣ በኋላ በምን እንደሚደመጥ ሠሪው አይመርጥም። አንዱ በስልኩ ስፒከር፣ ሌላው በኢርፎን፣ ሌላው ወደ ደሴ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ይሰማዋል፤ ሀብሩ ገጠር ሰርግ ካለ ደግሞ ድንኳን ውስጥ በኪራይ ስፒከር ይጨፈርበታል። ክፍሉ ውስጥ ሞቅ ብሎ የነበረው ከበሮ ስልክ ላይ ይጠፋል፤ ድንኳን ውስጥ ግን ዘፋኙን ይውጠዋል። ብዙዎች መድኃኒቱ ውድ ስፒከር ይመስላቸዋል። የእኔ እምነት ሌላ ነው፤ የወሎ ዜማ ሚዛን መጀመሪያ መያዝ ያለበት በአንድ ተራ ስፒከር፣ በሞኖ (ግራና ቀኙ ተደምሮ)፣ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ነው።

ምክንያቱ ከሙዚቃው ባሕርይ ይጀምራል። አምባሰልም ሆነ ትዝታ ሲዘፈን ማሲንቆው የዘፋኙን ዜማ እግር በእግር ይከተላል። ስለዚህ ሁለቱም የሚገናኙት በአንድ የድምፅ ክልል ውስጥ ነው፤ ክራሩም በአብዛኛው እዚያው ይገባል። አቀናባሪው ሄድፎን አድርጎ ማሲንቆውን ወደ ግራ፣ ክራሩን ወደ ቀኝ ሲገፋቸው ግጭቱ የተፈታ ይመስላል፤ የግራው ድምፅ ለግራ ጆሮ፣ የቀኙም ለቀኝ ብቻ ይደርሳልና። አንድ ስፒከር ባለው ስልክ ላይ ግን ሁሉም ተመልሶ ይደራረባል፤ ግጥሙም ማሲንቆው ሥር ይቀበራል። ድምፅ ለማስፋት የሚጨመሩ አንዳንድ ኢፌክቶችማ ግራና ቀኙ ሲደመር እርስ በርስ ስለሚጠፋፉ መሣሪያውን ጨርሰው ሊያጠፉት ይችላሉ። ግጥሙ የማይሰማ የወሎ ዘፈን ምኑ ቀረ? በሞኖ የሚሠራ ሰው ከዚህ ችግር መሸሽ አይችልም፤ ማሲንቆውን ዘፋኙ ሲያርፍ ከፍ፣ ሲዘፍን ዝቅ ያደርጋል፤ ወይም ቃላቱ ጥርት ብለው የሚሰሙበትን ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ያለውን አካባቢ ከማሲንቆው ላይ በኢኳላይዘር በጥቂቱ ይቀንሳል።

ከበሮውና ቤዙ ሌላ ጣጣ አላቸው። የስልክ ስፒከር ትንሽ ስለሆነ ከጥቂት መቶ ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ በቅጡ አያወጣም። ቤዙን የቱንም ያህል ቢጨምሩለት ስልኩ ላይ ለውጥ የለም፤ ትርፉ ድንኳን ውስጥ ጉርምርምታ ነው። ጆሮ ግን አስደናቂ ችሎታ አለው፤ የወፍራም ድምፅ መሠረቱ ቢጎድል እንኳ ከላዩ ያሉት እጥፍ ድምፆች ከተሰሙ አንጎል የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ቤዙ ላይ እነዚህን እጥፍ ድምፆች የሚያበዛ ለስላሳ ሳቹሬሽን መጨመር፣ ከከበሮውም መዳፍ ቆዳውን ሲመታ የሚወጣውን ጥርት ያለ ምት ማጉላት ከንዝረቱ ይልቅ ይጠቅማል። ጭብጨባው ካለ ደግሞ ምቱን አብሮ ይሸከማል።

ጥሩ ሞኒተር ስፒከር ላለው ይህ ሁሉ አያሻም የሚሉ አሉ። ሞኒተር ይጠቅማል፤ ነገር ግን የምንሰማው ከክፍሉ ጋር ተቀላቅሎ ነው። የ50 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 7 ሜትር ገደማ ነው፤ 3 ሜትር ተኩል በሆነ ክፍል ውስጥ ግማሹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ልክ ይገጥማልና ግድግዳው ጋ ያገሳል፣ መሐል ላይ ይጠፋል። ስስ ስፖንጅ መለጠፍ ይህን አይነካውም። ሄድፎን ከክፍሉ ጣጣ ነፃ ስለሆነ ለቤዝ መፈተሻ ጥሩ ነው። በዓለም ስቱዲዮዎች የነገሠው የያማሃው ኤንኤስ-10 እንኳ እ.ኤ.አ. በ1978 ለመኖሪያ ቤት የወጣ፣ ቤዙ ቀጭን የሆነ ስፒከር ነበር፤ ባለሙያዎች የያዙት መካከለኛውን ክልል አጋልጦ ስለሚያሳይ ነው።

ድምፁ ዝቅ የሚለውም በምክንያት ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን ቤዙን ከመካከለኛው ይልቅ ያጣዋል፤ ሲጮህ ደግሞ ቤዙ በዝቶ ይሰማል። በጩኸት የተሠራ ሚክስ ዝቅ ሲል የሚሳሳው ለዚህ ነው። በሞኖ የተሠራ ዘፈን ይደርቃል የሚለው ተቃውሞ ግን እውነት አለው፤ ኢርፎን ያደረገው አድማጭም ስፋት ይገባዋል። ጥያቄው የቅደም ተከተል ነው፦ ግጥሙ በአንድ ስፒከር ጠርቶ ከተሰማ በኋላ ክራሩን ወደ ጎን መውሰድ ምንም አያፈርስም። ለማነጻጸሪያም ከውጭ ፖፕ ይልቅ የማሪቱ ለገሠን አምባሰል ማጫወት ይሻላል፤ እሱና የራስ ሥራ ግን በእኩል ድምፅ ይሁኑ፤ ጮክ ያለው የተሻለ መስሎ ይሰማልና።